ጫፍ ላይ የሚቆመው መርፌ

ጥቅምት 3

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ገብቶ በደህና ያግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ጆሮዎን አልጠይቅም፤ ስልክ ትተን ወረቀት የያዝነው በእሱ ምክንያት ነው። ባለፈው ደውዬ «እማዬ በላች ወይ?» ብልዎ «አዎ፣ ዛሬም ዘንቧል» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስሁ። እዚህ ባሕር ማዶ ቀኑን ሙሉ የሰው ጆሮ ስመረምር እውላለሁ፣ ለገዛ አጎቴ ጆሮ ግን ምንም አልፈየድኩም። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ቀፎው ነው። እባክዎ አያጥፉት።

እርስዎ ወደዚያ ቤት የገቡት ከአባዬ ቀብር በኋላ ስለሆነ ማንም በወጉ አላስረዳዎትም። አባዬ ሬዲዮ መጠገኑን ሲተው በእንጨት ሳጥን ውስጥ እየደረደረ የሠራው የድምፅ መሣሪያ ነው፤ ሲንተሳይዘር ይሉታል። እንደ ፒያኖ የሚነካ ጥርስ የለውም። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፤ አንዱ ድምፅ ያወጣል፣ አንዱ ያጠልላል፣ ሌላው ያስተጋባል። ክፍሎቹ በራሳቸው አይተዋወቁም። የሚያስተዋውቃቸው ፊት ለፊት የተንጠለጠለው ገመድ ነው፤ ገመዱን ከነቀሉት ይረሳሳሉ። እማዬ የሽቦውን ብዛት አይታ «ቀፎ» አለችው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ከታች በስተቀኝ ፊቱ ጥቁር የሆነ ክፍል አለ። አባዬ «ማሚቶ» ይለዋል፤ እንደ ገደል ማሚቶ የሰማውን መልሶ ይናገራል። ልዩነቱ፣ የገደሉ እየደከመ ይጠፋል። የአባዬ ግን «ያዝ» የሚለውን ማዞሪያ ካዞሩት የያዘውን አይለቅም፤ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ያንኑ ይደጋግማል። ኤሌክትሪኩ ለአፍታ ከተቋረጠበት ይረሳል፤ ከረሳ ደግሞ ረሳ ነው።

አባዬ ከማረፉ አንድ ቀን በፊት ደውሎልኝ ነበር። «ማሚቶን ጨረስኩት፣ ላሰማሽ» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። እማዬ እንደምትለው፣ መቋረጡን ሳያውቅ ወደ መሣሪያው ጎንበስ አለና «ሚጣ፣ ሰማሽኝ?» ብሎ ማዞሪያውን አዞረ። ያ ቃል እስከ ዛሬ እዚያው አለ። እማዬ በየቀኑ ትሰማዋለች። የተጠራሁት እኔ ግን አልሰማሁትም። በስልክ አሰሚኝ ብላትም «ስልክ አንዴ አቋርጦታል፣ ሁለተኛ አላስጠጋውም» ትላለች። እርስዎ በአባዬ የኪስ ድምፅ መቅጃ ቀድተው ይላኩልኝ። እስከዚያው ከጀርባው ያለው የመኪና ባትሪ ውኃ እንዳይጎድልበት፤ መብራት ሲጠፋ ቃሉን የሚያድነው እሱ ነው።

እማዬ ከዚያ ክፍል እንድትወጣ ማግባባትዎንም አይተዉ። የልብዎን መሻት ይስጥልኝ።

ልጅዎ ሚጣ



ኅዳር 1

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ፈጣሪ እጅሽን ከድካም፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ትተነፍሳለች፤ «ደህና ናት» ብዬ ለመጻፍ ትንሽ ቆይቼ ላስብበት።

ልጄ፣ የማይሰማን ሰው የድምፅ ዘበኛ አድርገሽ ሾመሽኛል። ሹመቱን አልገፋሁም። ዕድሜ ልኬን ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ጆሮ ያጣ ሰው ዓይኑን ያሠራል። የወንድሜን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ ከመሳቢያው አውጥቼ ቆንጣጩን ከማሚቶው ጋር በተያያዘው ግራጫ ሽቦ ላይ አስነከስሁት። ድምፅ ካለ መርፌው ይንቀሳቀሳል፤ ከሌለ ይተኛል። መርፌው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የአባትሽ ቃል በደህና አለ።

ያየሁትን እንዳየሁት ልንገርሽ። መርፌው አይጣደፍም። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ የረሳውን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው ቆም ይላል፣ ከዚያም ይወርዳል። እንደገና ይወጣል።

ክፍሉ አባትሽ እንደተወው ነው። የብየዳ ካውያው መያዣው ላይ፣ በእሱ የሚቀልጠው ስታኞ ከነጥቅሉ፣ መነጽሩ በተከፈተ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። እናትሽ የእንጨት ወንበሯን ከስፒከሩ ፊት አድርጋ ትውላለች፤ እዚያው ታንቀላፋለች። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ መኝታ ቤቱን አልረገጠችውም። እኔ የምተኛው ሳሎን ነው፤ የእነሱ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ያ ሞላ ያለበት የቀፎው ክፍል ደግሞ (የሚያስገመግመው፣ ከላይ ያለው) እርምጃዬን አይወደውም። ወለሉን ስረግጥ ያስገመግማል መሰለኝ፣ «ዋርሳ፣ ቀስ በል! ቤቱን ደርመስክብኝ» ትላለች። እኔ ምንም ሰምቼ አይደለም፤ አፏን አይቼ ነው።

የምትለው ሌላም ነገር አለ። ቃሉ አንድ ቢሆንም አነጋገሩ ይለያያል ትላለች። አንዳንዴ ይለምናል፣ አንዳንዴ ይቆጣል። «ዛሬ አኩርፏል» አለችኝ ትናንት። የተያዘ ድምፅ እንዴት ያኮርፋል? ከቻልሽ ይህን አስረጂኝ።

የቀዳሁበትን የመቅጃውን ካርድ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ። ከዚያው ከግራጫው ሽቦ ነው የቀዳሁት።

አጎትሽ



ኅዳር 25

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ፣ ዕድሜዎ ይርዘምልኝ። ካርዱ ሲደርሰኝ የመጨረሻው ታካሚ እስኪወጣ አልታገስኩም። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ የለበሰ የመመርመሪያ ክፍል አለን፤ በሩ ሲዘጋ የራስ ደም ሲዘዋወር ይሰማል። ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ባዶ ነው። ከዳር እስከ ዳር ባዶ። ተናድጄ ማዳመጫውን አወለቅሁ፤ ደብዳቤዎን እንደገና ሳነብ ግን የት እንደሳትን ገባኝ።

ጋሼ፣ የለኩት ድምፅ አይደለም። የሰው ድምፅ መርፌን እንደዚያ አያዝናናም፤ ያንቀጠቅጠዋል እንጂ። ቀፎው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ አለ። አንደኛው ወደ ስፒከሩ ሄዶ የሚሰማው ነው። ሁለተኛው አይሰማም፤ ያዛል። ወደ አንድ ክፍል ይገባና ማዞሪያውን እንደማይታይ እጅ ያዞረዋል። ሲጨምር የአንዱ ድምፅ ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይወፍራል። መቆጣጠሪያ ቮልቴጅ የሚባለው እሱ ነው። በጣም ዝግተኛ ስለሆነ መቅጃው አይይዘውም፤ ለዚህ ነው ባዶ የላኩልኝ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ጆሮ ያለው ሰው ስፒከሩን ይቀዳ ነበር፤ እርስዎ ያመኑት መርፌውን ነው።

የእማዬም ነገር በዚህ ይፈታል። ግራጫው ሽቦ የማሚቶውን ፍጥነት የሚያዝ ከሆነ ቮልቴጁ ሲወጣ የአባዬ ድምፅ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል፤ ሲወርድ ይጎተታል፣ ይወፍራል። ያው አንድ ቃል ሲለምንም ሲያኮርፍም ይሰማታል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚያዘው ማን ነው? የግራጫውን ሽቦ ሌላኛውን ጫፍ ይፈልጉልኝ። ቀፎው ራሱ እንዲህ ያለ ዝግተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣ ክፍል አለው፤ ከዚያ ከሆነ የመጣው ነገሩ ተራ ነው፤ እተኛለሁ።

ሌላ፣ የጆሮ መሣሪያ በስምዎ አዘጋጅቼ በተለየ ጥቅል ልኬያለሁ። በግራ ጆሮዎ ያድርጉት። እምቢ እንዳይሉኝ!

ሚጣ



ታኅሣሥ 14

ለተወደድሽ ልጄ፤

ባለሽበት ሰላም ይክበብሽ። ጥቅሉ ገና አልደረሰም። ሲደርስም እፈራዋለሁ፤ «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ሲባል አልሰማሽም? (እኔም አልሰማሁም፣ አንብቤ ነው።)

በታዘዝሁት መሠረት ሽቦውን ተከተልሁ። ከቀፎው ክፍሎች ከአንዱም አይመጣም። ከሳጥኑ ጀርባ ወጥቶ በግድግዳው ሥር ይሄዳል፤ ወንድሜ በትናንሽ ምስማር ቀጥ አድርጎ ይዞታል፤ እንደ ተማሪ መስመር ነው፣ ደስ ይላል። በሩ ሥር አልፎ መኝታ ቤት ይገባል። የአልጋውን እግር ተጠምጥሞ ወጥቶ ፍራሹ ሥር ይጠፋል። ፍራሹን አነሳሁት። ሁለት ስስ የብረት ሳህኖች መሃላቸው ስፖንጅ ሆኖ ተቀምጠዋል፤ በግድግዳው በኩል፣ በእናትሽ ቦታ።

እናትሽን ጠየቅኋት። አልደነቃትም። «አስም ሲነሳብኝ እንዲያውቅ የሠራው ነው» አለች። «እኔ እተኛለሁ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ይሠራል። ትንፋሼ ሳህኑን ይጫነዋል፣ ቀፎው ከእኔ ጋር ይተነፍሳል። ድምፁ ከተዛባበት ካውያውን ጥሎ ይመጣል።»

ልጄ፣ አባትሽን አርባ ዓመት «ሽቦ ለቃሚ» እያልሁ ስቀልድበት ኖሬ ዛሬ ፍራሹን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ነገር ግን አልጋው ላይ ማንም አይተኛም። ይህን ባለፈው ደብዳቤዬ ጽፌልሻለሁ። መርፌው ደግሞ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ይወርዳል።

ተማሪዎቼን የማስተምራቸውን አደረግሁ፤ ከመደነቅ በፊት መሞከር። ፍራሹን ሙሉ በሙሉ ሳነሳው መርፌው ተኛ፤ ሳህኑ በራሱ አይዋሽም ማለት ነው። በሳህኑ ላይ መጻሕፍት ስከምርበት መርፌው አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ክብደትን በትክክል ይለካል ማለት ነው። መጻሕፍቱን አንስቼ ፍራሹንና አንሶላውን እንደነበረ አነጠፍሁ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ መርፌው መውጣት ጀመረ። የከባድ መኪና ንዝረት ነው እንዳልል፣ መኪና ሲያልፍ ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አያሳርፈውም። አይጥ ነው ብዬ ወለሉ ላይ ዱቄት ነሰነስሁ፤ ከራሴ ነጠላ ጫማ በቀር ዱካ የለም። አንሶላውንም አየሁት። ባዶ አንሶላ ነው፤ እንቅስቃሴ አላየሁበትም።

ጆሮ ያለው ምስክር ብዬ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጠራሁት፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። «ጋሼ፣ በግድግዳው በኩል ሁልጊዜ እሰማዋለሁ እኮ! ሚጣ መልስ ብትሰጠው ምናለ፣ እኔ ልመልስለት ነበር» እያለ ሲስቅ ገባ። ስፒከሩ ፊት ተቀመጠ። ሳቁን እያየሁት ተወው።

«ምን ይላል?» አልሁት።

በወረቀት ጻፍልኝ ብለውም ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ጮኸ፤ «ቃሉ ያው ነው! ግን ጋሼ፣ ሰው ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ይሄዳል አይደል? ይሄ ይጠጋል።»

ሜትሩን ወንበሩ ላይ ረስቶት ወጣ። ሱቁ ውስጥ በክር ሲለካ አይቻለሁ፤ መጥቶ አልወሰደውም።

በዚህ ጊዜ ከስፒከሩ ቀድቻለሁ። ካርዱ እነሆ።

አጎትሽ



ታኅሣሥ 20

ልጄ፣ መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ይቅር በይኝ።

ዛሬ እናትሽ ወንበሯ ላይ አንቀላፍታ ሳለ ደረቷን አየሁት። ቴስተሩ ከጎኗ ነበር። መርፌው ሲወጣ ደረቷ ይወጣል። መርፌው ጫፍ ላይ ሲቆም ደረቷ ይቆማል። መርፌው እስኪወርድ አትተነፍስም። ድሮ ቀፎው እሷን ይከተል ነበር፤ አሁን ማን ማንን እንደሚያዝ አላውቅም።

ለአስም በሽተኛ ትንፋሽ መያዝ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሐኪም ወስጃት ነበር፤ ከቤት እንደራቀች በደንብ ተነፈሰች፤ ሐኪሙም እኔን በትዝብት አየኝ። ተመለስን፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ያው ሆነ።

ሶኬቱን ልነቅል እጄን ዘርግቼ መለስሁት። አባትሽ አንቺን የጠራበት ቃል እዚያ ውስጥ ነው። ያንቺን ፈቃድ እጠብቃለሁ። ፍጠኚ።

አጎትሽ



ጥር 8

ለተከበሩት ጋሼ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ። ሁለተኛው ካርድ ደረሰኝ፤ የታኅሣሥ አሥራ አራቱ። ሰማሁት።

አባዬ ነው። «ሚጣ፣ ሰማሽኝ?» ከመጥራቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እማዬ ይህን አልነገረችኝም ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ለቃሉ ብዬ ነው። ከዚያ የመመርመሪያውን ክፍል በር ዘግቼ ቃሉን ትቼ መቅጠኑንና መወፈሩን ብቻ ሰማሁ፤ የሚያዘውን። ቀስ እያለ ይቀጥናል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ይወፍራል።

ጋሼ፣ ይህ የእማዬ ትንፋሽ አይደለም። የእማዬ ሲገባ አጭር ነው፣ ሲወጣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ያፏጫል። ጫፍ ላይ አይቆምም፤ አስም የያዘው ሰው ጫፍ ላይ የሚቆምበት አቅም የለውም። የሚቆመውን አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አባዬ ስታኞ ሲያቀልጥ ጢሱ ዓይኑ እንዳይገባ፣ እጁም እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይስብና ይይዘዋል። ጠብታዋ እስክትረጋ ይጠብቃል። ከዚያ ይለቃል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ካውያ ሳይዝም እንደዚያው ይተነፍስ ነበር። ተኝቶም። በልጅነቴ መሃላቸው ስተኛ፣ እስኪለቅ ድረስ እኔም አብሬው እይዝ ነበር።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልልከው ስል አጭሩ ደብዳቤዎ ደረሰ።

ያጥፉት። ሶኬቱንም ባትሪውንም። አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ካርዱም እጄ ላይ አለ፤ ባይኖርም ያጥፉት ነበር የምለው። አባዬ ያንን ሽቦ የዘረጋው እማዬ እንድትተነፍስ ነው። የሆነውን ቢያውቅ በራሱ እጅ ይነቅለው ነበር።

ምናልባት ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል። ወይም መልስ እየጠበቀ።

ደጋግሜ ብደውልም ስልኩን የሚያነሳ የለም፤ ይህ እስኪደርስዎ የሚያልፉትን ቀናት እንዴት እንደምችላቸው አላውቅም።

ሚጣ



ጥር 29

ለምወድሽ ልጄ፤

ሰላምና ዕረፍት ከአንቺ አይለይ። ቶሎ ልንገርሽ፤ እናትሽ ደህና ናት። አሁን ቃሉን ሳላመነታ እጽፈዋለሁ። አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ደብዳቤሽና የጆሮ መሣሪያው በአንድ ቀን ደረሱ። በመመሪያው መሠረት በግራ ጆሮዬ አደረግሁት። መጀመሪያ የሰማሁት የገዛ ሸሚዜን ኮሌታ ነው፤ እንደ ጆንያ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ የሞተ የመሰለኝ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁ። ቀጥሎ፣ ከወዲያኛው ክፍል፣ ወንድሜን።

በሩ ላይ ቆምሁ። «ሚጣ፣ ሰማሽኝ?» እናትሽ ዞር ብላ ጆሮዬን አየችው። «ሰማኸው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «እንኳን ደስ አለህ፤ እስከ ዛሬ እብድ እየመሰልኩህ ነበር» አለች።

ደብዳቤሽን አየችና «አንብብልኝ» አለች። ጫፍ ላይ ስለሚቆመው ትንፋሽ የጻፍሽውን ልዘለው ነበር፤ አርባ ዓመት ተማሪ ስፈትን ዘሎ የሚያነብ ሰው እንዴት እንደሚታወቅ አውቃለሁና አልዘለልሁም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ደረቷ ወጥቶ ቆሞ ነበር።

«አጥፉት አለች?»

«አዎ።»

«እሷ ራሷ?»

«እሷ ራሷ። የእጅ ጽሑፏ ነው፣ ተመልከቺው።»

«ሰምታዋለቻ!»

«ሰምታዋለች።»

«እንግዲያ የላከው ደርሶለታል» አለችና ተነሳች። እኔ ቀድሜ ወደ ሶኬቱ ስሄድ በክርኗ ገፋችኝ። «ወዲያ በል፣ ዋርሳ። አንተ የምታውቀው ጠመኔ መያዝ ነው።» በመጀመሪያ የባትሪውን ቆንጣጭ፣ ከዚያ ሶኬቱን። ወንድሜ «ሚጣ፣ ሰማ» ብሎ ቀረ። መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ቤቱ ውስጥ የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ቀረ። እናትሽ ለጥቂት ጊዜ ሳህን እንዳመለጠው ሰው እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ከዚያ በአጭሩ ሳበች፣ በረጅሙ ለቀቀች፣ መጨረሻው ላይ አፏጨች። እንዲህ ያለ ያማረ ፉጨት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትበላለች፣ ከልብስ ሰፊው ጋር በአጥር ትነታረካለች። ከምሳ በኋላም መኝታ ቤት ገብታ ጋደም ትላለች። የከንፈሯ ቀለም ተመልሷል። ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ።

ግን አልጋው ላይ የምትተኛው ዳር ላይ ነው፤ በወንድሜ ቦታ። የግድግዳውን በኩል፣ የራሷን፣ ትተወዋለች። ልትወድቅ ትደርሳለች። «ምነው ገባ ብትዪ?» አልኋት። አውቶቡስ ውስጥ ስለ ወንበር እንደምትናገር አድርጋ «ተይዟል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቦታ እየያዘልኝ ነው» አለች።

ግራጫውን ሽቦ ነቅዬ ጠቅልዬዋለሁ። ሳህኖቹንም ከፍራሹ ሥር አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ቀፎው ሶኬት የለውም። ስለዚህ የሚያዝም የሚታዘዝም የለም። እኔም በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያንቺን መሣሪያ በጆሮዬ አድርጌ፣ እናትሽ ስትተኛ ትንፋሿን እጠብቃለሁ። አጭር፣ ረጅም፣ ፉጨት።

የምሰማው ግን ሁለት ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይወጣል።

አንቺ ባለሙያ ነሽና በሙያሽ መልሺልኝ፤ የላክሽልኝ መሣሪያ ውስጥ ማሚቶ አለ? አንድን ድምፅ ሁለት አድርጎ፣ አዘግይቶ የመድገም ጠባይ አለው? ካለው ንገሪኝ፣ እተኛለሁ።

አጎትሽ



የካቲት 17

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእማዬ።

የለውም። ከመላኬ በፊት በራሴ ጆሮ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ውዬበታለሁ። የሰማውን ያጎላል፤ አይደግምም፣ አይጨምርም። ሌላ ነገር ብዬ ላጽናናዎ ፈልጌ ነበር፣ እርስዎ ግን የጠየቁት ባለሙያዋን ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አባዬ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ሰምቼዋለሁ፤ መልስ ግን አልሰጠሁትም። አጥፉት ብዬ ጻፍኩ እንጂ ሰማሁህ አላልኩትም። ስታኞው እስኪረጋ ትንፋሹን ይይዝ የለ? ከያዘው ነገር ላይ ዓይኑን የሚያነሳው ሥራው ማለቁን ሲያይ ነው።

እማዬ ስትተኛ በግድግዳው በኩል ቆመው፣ በእኔ ስም፣ ይበሉልኝ፤ «ሰማሁህ፣ አባዬ። ልቀቀው።»

የምመጣው ፈቃድ ሳገኝ፣ በክረምቱ መግቢያ ነው። እማዬን ይጠብቁልኝ።

ሚጣ



መጋቢት 6

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፤

ፊትሽን በጤና ያሳየኝ። ያዘዝሽው ተፈጽሟል። እንዴት እንደተፈጸመ ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ጠዋት ነው። እስከ ምሳ ስለማመደው ዋልሁ፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ የማላውቀው ፍርሃት ያዘኝ። ከምሳ በኋላ እናትሽ ጋደም አለች፤ እንደለመደችው ዳር ላይ፣ አንድ ክንዷ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ። እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቅሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ትከሻዬን አዙሬ ገባሁ። አንሶላው እንደተዘረጋ ነው። እጄን አላስነካሁትም። ሙቀት አለው ወይ ብዬ መሞከር ነበረብኝ፤ አልሞከርሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሞከር የተውሁት።

ሁለቱም ይሰሙ ነበር። የእናትሽ ከወዲያ፣ ሌላው ከእኔ ሥር።

ሌላው ሲገባ ጠበቅሁ። ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ቆመ። ያኔ ተናገርሁ። «ሰማሁህ፣ አባዬ» አልሁ፤ የታናሽ ወንድሙ ሽማግሌ ድምፅ ያንቺን ቃል ሲል ለሌላ ሰው ያስቅ ነበር። «ልቀቀው» አልሁ። አንድ የራሴን ቃልም ጨመርሁበት፣ እሱን አልጽፈውም።

እናትሽ በእንቅልፏ ተገላበጠች። ወደ ግድግዳው ዞራ ገባች፤ ሳትነቃ፣ በራሷ ቦታ ላይ ተዘረጋች። ፊቷ ከጉልበቴ አጠገብ ሆነ። ሳበች፣ ለቀቀች፣ አፏጨች። ደግማ ሳበች። አንድም ጊዜ አልቆመችም፤ መሣሪያውን ከጆሮዬ አውልቄ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አድርጌ አረጋግጫለሁ። በዚህ በኩል ልብሽ ይረፍ። በክረምቱ መግቢያ ስትመጪ በሩን የምትከፍትልሽ እሷ ናት።

የሌላውን ግን እንደ ሆነው ልጻፍልሽ፣ ማጽናኛ ቃል አንሶኝ አይደለም። ጫፍ ላይ እንደ ቆመ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጥላው እስኪዞር ቆሜ ጠበቅሁ። ማታም ጠበቅሁ። ይህን ስጽፍልሽ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ እናትሽ እያፏጨች ተኝታለች፣ እኔም ሳላስበው የገዛ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

አልወረደም።

አጎትሽ